የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር ዐሥራ አራት

ዶክተር ትርሲት ጠዋት ቢሮዋ ስትገባ መጀመሪያ ሰላም የምትለው ለሁለት መንግሥታት ነበር። የቆላው ኅብረት እንደ ወትሮው ትሕትና በበዛበት ድምፅ መለሰላት። የዳርቻው ኅብረት ግን ዝም አለ። ኩርፊያ ነው ብላ አለፈችው፤ መንግሥት ሲያኮርፍ አዲስ ነገር አይደለም።

ሁለቱም ጥላዎች ናቸው። ጥላ መንግሥት ማለት የአንድ አገር ሕግና ንግግር፣ ስለ አገሩም ምሁራን የጻፉት ሁሉ ተጨምቆ የገባበት፣ በአገሩ ቦታ ሆኖ የሚያስብ ማሽን ነው። እውነተኞቹ ሚኒስትሮች ጥላዎቻቸው ሳይስማሙ ብዕር አያነሡም፤ ከተሳሳቱ ጥላው ነው የሚወቀሰው፣ እነሱም ይህን ይወዱታል። ትርሲት በምትሠራበት በሰመራው የዓለም ጉዳዮች ጥናት ቤት ደግሞ ሥራው ጥላዎቹን ማብላትና ማከራከር ነበር።

የዚያን ዕለት በዘጠኝ ሰዓት የደመና ውል ሊፈረም ነው። ደመናን ከመንገዱ መልሰው ወደ ተፈለገው ሰማይ የሚነዱት ሰው አልባ አውሮፕላኖች የቆላው ኅብረት ናቸው። ዳርቻው ሦስት ዓመት ዝናብ አላየም፤ የጉድጓዶቹ ውሃ ጨው ሆኗል። የዓመቱ የመጨረሻ ደመና በአራት ቀን ውስጥ ያልፋል። ዛሬ ካልተፈረመ አውሮፕላኖቹ አይደርሱም።

«አንቀጽ ሰባትን አልቀበልም» አለ የዳርቻው ጥላ ኩርፊያውን ሲፈታ። «የውጭ ታዛቢ ዳርቻችንን አይረግጥም። ከአባቶቻችን የወረስነው ቃል ነው።»

አንቀጽ ሰባት የዘነበውን ዝናብ የሚለኩ ታዛቢዎች በዳርቻው አንድ ክረምት እንዲቀመጡ የሚል ነው። ያለ እሱ ቆላው አንዲት ደመና አይነዳም። ትርሲት ጥላው ለዚህ አቋም ሥር አድርጎ የያዘውን እንዲያሳያት አዘዘችው። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ጥናቶች ዘረገፈላት።

አንዱን ከፈተች፤ ሌላውን ይጠቅሳል። ሌላውን ከፈተች፤ ሦስተኛውን ይጠቅሳል። የዳርቻ ሰው አነጋግሮ የጻፈ አንድም አልነበረም። ምሁር ምሁርን እየጠራ ይመሰክራል፤ ሁሉም በር ላይ ቆሞ ቤቱ ውስጥ ስላለው ነገር ያወራል። ረፋዱ ላይ መጨረሻው ሥር ደረሰች። የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት በተማሪዎች መጽሔት የወጣ ጽሑፍ ነው፣ የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር ዐሥራ አራት፦ «የዳርቻው ሰዎች ኩሩ ስለሆኑ ምናልባት የውጭ ታዛቢ አይቀበሉ ይሆናል።»

የጻፈችው ትርሲት ነበረች።

ጽሑፏን ለማስረከብ ስትጣደፍ ክፍተት ለመሙላት የጻፈችው ነው። ዳርቻውን በዓይኗ አይታው አታውቅም ነበር፤ እስከ ዛሬም አላየችውም። የጠቀሳት ሰው «ምናልባት»ን ጣላት፤ የሱ ጠቃሽ «አባቶቻችን»ን ጨመረባት። የሚያሳፍረው ደግሞ፣ ስም ያተረፈላትን ትልቁን መጽሐፍ ስትጽፍ እሷ ራሷ ያንን ሦስተኛ ሰው በማስረጃነት ጠቅሳዋለች። የራሷን ግምት ዞሮ ሲመጣ እንደ ምስክር ተቀበለችው።

የጥናት ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ደጀኔ ሰምተው ሲያበቁ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት። ከጥናቶቹ አንዱ የሳቸው መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ይህ ከተሰማ ጥላዎቹን የሚያምን አይኖርም፣ ሥሩን ከጥላው ነቅለን ጥለን ዝም እንበል አሏት። ትርሲትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምክሩን ወዳዋለች።

ነገር ግን ከጥላ ላይ ሥር የሚነቀለው ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ምሁር ሲስማማ ነው። በዳርቻው በኩል ያለችው ባልደረባዋ ዶክተር ሳልሃ ናት። ትርሲት ደውላ ሁሉንም ነገረቻት።



«ብንነቅለውስ ምን ይጠቅማል?» አለች ሳልሃ። «ልጆቻችን መጽሐፍሽን በትምህርት ቤት ይማሩታል። ይህን ቃል እየዘመሩ ነው ያደጉት። ባለፈው ወር ጠባቂዎቻችን የውጭ የባሕር ቀያሾች ጀልባ ላይ ተኩሰዋል፣ ትርሲት። ከአባቶቻችን የወረስነው ቃል ነው ብለው።»

«እና አሁን እውነት ሆኗል ነው የምትይኝ?»

«እውነት አድርገነዋል። እኔም ለተማሪዎቼ አስተምሬዋለሁ። ሽማግሌዎቹን መጠየቅ ይገባኝ ነበር፤ መጽሐፍሽን ማንበብ ቀለለኝ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የብዕሩ ደግሞ ጭራሽ እንደሚብስ ትርሲት ያን ጊዜ ገባት። ማሽኑን ማረም ይቻላል። በማሽኑ ቃል ያደገው ሰው ግን እንዴት ተደርጎ ይታረማል? ፈራች። ለስሟ የነበራት ፍርሃት ሳይለቃት፣ ጨዋማ ውሃ ለሚጠጡት ሰዎች መፍራትም ተደረበባት። በስምንት ሰዓት የዳርቻው ሸንጎ ሲሰበሰብ እሷው ትርሲት ቀርባ እንድትናገር እንድታስፈቅድላት ሳልሃን ለመነቻት። ጋሽ ደጀኔ ተዪ አሏት፤ እንቢ ስትል ግን ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

ሸንጎው በቢሮዋ ግድግዳ ሙሉ በምስል ታየ። ትርሲት ያዘጋጀችውን ወረቀት አላነበበችም። ቃሉን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ ማንንም አልጠየቅሁም፣ አገራችሁንም አላየሁም፣ ይቅር በሉኝ አለች። አንዳንዶች ተቆጡ። አንዱ ቆላዎች ገዝተዋታል አለ። ሊቀመንበሩ፣ አርባ ዓመት የማይሞላው ሰው፣ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸው። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ይመስል ነበር።

«እኔ በዚህ ቃል ነው ያደግሁት» አላት። «ከመጽሐፍሽ በፊት እንግዳ ሲመጣብን ምን እናደርግ ነበር?»

የሚጠይቀው እሷን ነው። ስለ ገዛ አገሩ፣ ስለ ገዛ አያቶቹ። በጠረጴዛዋ ላይ የጥላው መብራት በራ፤ ከሁለት መቶ ዐሥራ ሁለቱ ጥናቶች መልስ አዘጋጅቶላታል። ትርሲት አጠፋችው።

«አላውቅም» አለች። «ከመካከላችሁ የሚያስታውስ የለም?»

ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላ መቀመጫ አንዲት አሮጊት ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ከየት መጣህ ብለን አንጠይቅም ነበር» አሉ። «መጀመሪያ ውሃ ነበር የምንሰጠው።»

ሊቀመንበሩ አንቀጽ ሰባት እንደገና እንዲነበብ አዘዘ። ለፊርማው ሃያ ደቂቃ ቀርቶት ነበር፤ ውሉ ይፈረም አይፈረም ገና አልታወቀም። ትርሲት እስክሪብቶዋን አነሣችና የአሮጊቷን ሙሉ ስም ጠየቀች።