ጋሽ አካሉ ያልወደዱት መጽሐፍ

ኢንስፔክተር የብርጓል ስትደርስ ጋሽ አካሉ በረንዳቸው ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ጣና አዙረው እንደ ተቀመጡ ነበሩ። መነጽራቸው ከአፍንጫቸው አልወረደም። ጭናቸው ላይ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ተዘርግቷል። ላላወቀ ሰው፣ የከሰዓቱ ነፋስ እንቅልፍ የጣለባቸው ጡረተኛ ይመስላሉ።

«ሲያነቡ ልባቸው ቆመ ነው የሚባለው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «መጽሐፉም የሚያስፈራ ነው አሉ።»

የብርጓል ጡረታዋ ተቃርቧል፤ ደረጃ ስትወጣ እግሯ ያብጣል። በዚህ ሥራ ካረጀች ወዲህ ሬሳ አያስደነግጣትም፤ ያደክማታል እንጂ። ጎንበስ ብላ የሟቹን ዓይን ገለጥ አደረገች። ነጩ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉ። ከንፈራቸው ላይ ደግሞ ቀጭን አረንጓዴ ክር ተጣብቋል። አጠገባቸው ባለው አግዳሚ ላይ የተደረደሩት ትራሶች አረንጓዴ ናቸው።

«ሐኪሙ ይያቸው» አለች። «ልባቸው በገዛ ፈቃዱ የቆመ አይመስለኝም።»

ከዚያ ወደ ትንሿ ጠረጴዛ ዞረች። የዝንጅብል ሻይ ፈስሶ ደርቆባታል፤ ብርጭቆው ግን ሰው እንዳነሣው ቀጥ ብሎ ቆሟል። በፈሰሰው ሻይ መካከል ሻይ ያልነካው ንጹሕ ቦታ አለ፤ ቅርጹ የመጽሐፍ ነው፣ ስፋቱ ግን ከመዳፍ እምብዛም አይበልጥም። ከጋሽ አካሉ ጭን ላይ ያለውን መጽሐፍ አንሥታ አስጠጋችው። በእጥፍ ይበልጣል። አንድም የሻይ ጠብታ አልነካውም።

ሬሳውን ያገኘችው የእህታቸው ልጅ ሀኒ ናት። ባንክ ትሠራለች፤ ከአጎቷ ጋር ነው የምትኖረው። ሳሎን ተቀምጣ መሐረቧን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

«አጎቴ ዕድሜ ልካቸውን አማርኛ ነው ያስተማሩት» አለች። «ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን ገዳይ ወይም ሙት መንፈስ የሌለበት መጽሐፍ አያነቡም። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ በረንዳ ላይ እየተሰበሰብን ያነበቡትን ያወጉናል።»

«እነማን ናችሁ የምትሰበሰቡት?»

«እኔ፤ እማማ ወለተ ሩፋኤል፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩት፤ ፋብሪካ የሚሠራው ጌትነት፤ ኮሌጅ የሚያስተምሩት መምህር ጥዑመ ልሳን።»

«ዛሬ ምን ይዘው ነበር የሚያነቡት?»

«ጧት ስወጣ የመምህር ጥዑመ ልሳንን አዲስ ልቦለድ ይዘው ነበር። ‹ከደንገሉ ማዶ› ይባላል። ፈርመው የሰጧቸው ነው፤ ትንሽዬ መጽሐፍ።»

ቤቱን በሙሉ ፈተሹ። ትንሿ መጽሐፍ የለችም።

በማግስቱ የሐኪሙ ቃል መጣ፤ ጋሽ አካሉ የሞቱት ታፍነው ነው። የብርጓል መጀመሪያ ያስጠራችው ጌትነትን ነበር፤ ባለፈው ቅዳሜ ከሟቹ ጋር ተቀያይሞ መሄዱን ጎረቤት ሁሉ አውቋል። ከአዳማ ለሥራ የመጣ፣ ዘንዘልማ በጅምር ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ነው። የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ተጣልተናል ለማለት እንኳ ያሳፍረኛል» አለ። «በመጽሐፍ ነው። ጋሽ አካሉ በዚህ ክረምት የቀመሱት ሁሉ መረራቸው። ስለ ሰው በላው ጅብ የተጻፈውን፣ ‹ከሰዎቹ ሁሉ አእምሮ ያለው ጅቡ ነው› አሉ። ስለ ገዳዩ ሐኪም የተጻፈውን ደግሞ፣ ‹ገና በመግቢያው ያወቅሁት እሱ ብቻ ትሑት ስለ ሆነ ነው› አሉ። እኔም የሚያስደነግጣቸውን ላግኝላቸው ብዬ ‹የመቃብር ሳቅ›ን ገዝቼ ሰጠኋቸው።»

«ጭናቸው ላይ የተገኘው እሱ ነው።»

ጌትነት ቀና አለ። «እሱ ሊሆን አይችልም። ቅዳሜ ሁላችንም ፊት መልሰውልኛል። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ትቼዋለሁ አሉ። ‹ይህ ሰው ሊያስፈራኝ ሳይሆን ሊያስመልሰኝ ነው የጻፈው፤ ዳግመኛ ከምገልጠው ዓይኔ ቢጠፋ ይሻለኛል› አሉኝ። ስለ ተናደድኩ መጽሐፉን አግዳሚው ላይ ትቼው ወጣሁ።»

«ማን ማን ሰማ?»

«ሀኒ፣ እማማ ወለተ ሩፋኤል። መምህሩ አልነበሩም።»

ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል የቄስ ልጅ፣ የቄስ ሚስት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አንዲት ልጃቸውን ርሆቦትን ይዘው ከቁንዝላ ባሕር ዳር የገቡት ኩላሊቷን ለማሳከም ነው። ልጅቱ በሽታውም ትምህርቱም ሳይለቃት ኮሌጅ ገብታ ነበር። አምና ሞተች። እሳቸው ክፍሉን ለቀው ወደ አገራቸው ለመመለስ አቅም አጡ። ጋሽ አካሉ የቤት ኪራዩን ነገር ዳግመኛ አላነሡባቸውም።

«እርስዎ ትናንት የት ዋሉ እማማ?»

«ተዝካር ነበረብኝ፣ ልጄ። ስመለስ ሀኒ ስታለቅስ ነው የደረስሁት።»

«በመጨረሻ ያወሩት ነገር ይኖራል?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «ሰኞ ለታ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ‹ርሆቦት ስትደነግጥ አነጋገሯ እንዴት ነበር?› አሉኝ። ምን ልበላቸው? እንደ አገሯ ነዋ አልኋቸው። ከዚያ ለብቻቸው እንደሚያወራ ሰው፣ ‹ይህ ጸሐፊ ሲረጋጋ ሮጥኩ ይላል፤ ሲፈራ ሮጥሁ ይላል። አንድ ሰው ሁለት አፍ የለውም› አሉ። አልገባኝም።»

«ርሆቦት ትጽፍ ነበር?»

«ሆስፒታል ተኝታ ሳይቀር። ተረት ነው ትለኝ ነበር፣ የሚያስፈራ ተረት። መምህሬ ያርምልኝ ብላ ሰጠችው።»

«መምህሯ ማን ነበር?»

«ጥዑመ ልሳን ነዋ። ቀብሯ ላይ እንደ ወንድም ነው ያለቀሰው።»

የብርጓል ከዚያ ስትወጣ ፒያሳ ካለው መጽሐፍ መሸጫ ገብታ «ከደንገሉ ማዶ»ን ገዛች። ከሥራው ወረቀት ክምር ሌላ ነገር ካነበበች ዓመታት አልፈዋል። ሐይቁ ዳር መኪናዋን አቁማ፣ በሩን ቆልፋ አነበበች። አንዲት ልጅ ከሚያሳድዳት ሰው ሸሽታ ሐይቅ ዳር በበቀለ ደንገል ውስጥ ትደበቃለች፤ ታሪኩን የምትናገረው ራሷ ናት። ስለ ከተማው፣ ስለ ፍቅረኛዋ ስታወራ «ሄድኩ»፣ «ጠበቅኩ» ትላለች፤ ያ ክፍል ተጨማሪ ድሪቶ ይመስላል። ውሃው ውስጥ ስትገባ ግን «ሰመጥሁ»፣ «ተነፈስሁ፣ ደግሞ ትንፋሼን ዋጥሁ» ትላለች። የአራሚው እጅ እዚያ አልደረሰም። ምናልባት እሱም አንባቢ ሆኖ፣ ማረሙን ረስቶ ሊሆን ይችላል።

መምህር ጥዑመ ልሳንን ያገኘችው ቢሮው ነው። ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ ለስላሳ።

«ቅዳሜ አልነበሩም?»

«አዲስ አበባ ነበርኩ፣ ለመጽሐፌ ምረቃ። ጋሽ አካሉን እንኳ ሳልሰናበታቸው ሞቱ።» ራሱን ነቀነቀ። «ልባቸው ደካማ ነበር። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይቅርብዎ ብዬ ስንቴ መከርኳቸው። እሳቸው ግን ‹የመቃብር ሳቅ›ን አንዴ ከያዙት ሳይጨርሱት የሚለቁ ሰው አልነበሩም።»

የብርጓል አመስግናው ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ግድግዳውን ይዛ ነበር።

ቅዳሜ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው። ጋሽ አካሉ የሚቀመጡበትን ወንበር ማንም አልነካውም። እሷ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ቆማ ለመናገር ጉልበት አልነበራትም።

«ጋሽ አካሉን የገደላቸው የሚያውቁት ሰው ነው» አለች። «ሲመጣ የሚያነቡትን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ሻያቸውን ይዘው ነው የተቀበሉት። ሲታፈኑ ሻዩ ፈሰሰ፤ መጽሐፉም ራሰ። የራሰ መጽሐፍ ትግል እንደ ነበር ይናገራል። ስለዚህ ገዳዩ እሱን ወሰደና እጁ የደረሰበትን ሌላ መጽሐፍ ጭናቸው ላይ ዘረጋ፤ ሲያነቡ በድንጋጤ ሞቱ እንዲባል።»

የብርጓል ወደ ባዶው ወንበር አመለከተች።

«እጁ የደረሰው ግን ‹የመቃብር ሳቅ› ላይ ነው። ሀኒ ይህን አታደርግም፤ እማማም፣ ጌትነትም አያደርጉም። ሦስቱም ቅዳሜ እዚህ ነበሩ፤ ጋሽ አካሉ ያን መጽሐፍ ዳግመኛ እንደማይገልጡት በጆሯቸው ሰምተዋል። ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው። ለእኔም ‹አንዴ ከያዙት አይለቁትም› አለኝ። ከዚህ በረንዳ ውጭ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ‹የሚያስፈራ መጽሐፍ› መባሉን ነው፤ እኔም ርእሱን አልነገርሁትም ነበር።»

ጥዑመ ልሳን ፈገግ ለማለት ሞከረ። «በዚህ ብቻ ሰው ይከሰሳል?»

«አይከሰስም። ዛሬ ጧት ግን የፍርድ ቤት ፈቃድ ይዘን ቢሮዎን ፈትሸናል። በሻይ ያበጠችው መጽሐፍ፣ ፊርማዎ ያለባት፣ መሳቢያዎ ውስጥ ናት። ማቃጠል ይችሉ ነበር። ያልወለዱትንም ልጅ መጣል ያሳሳል መሰለኝ።»

ፈገግታው ጠፋ። የብርጓል ወደ ወለተ ሩፋኤል ዞር አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«እማማ፣ ጋሽ አካሉ ሰኞ የጠየቁዎት ስለዚያች መጽሐፍ ነው። ‹አንድ ሰው ሁለት አፍ የለውም› ያሉት፣ ሁለት ሰው ስለ ጻፋት ነው። ‹ሮጥሁ› እያለ የሚያስፈራው ሁሉ፣ በአገሯ አነጋገር የተጻፈው፣ የርሆቦት ነው።»

አሮጊቷ መምህሩን አተኩረው አዩት።

«ቀብሯ ላይ አልቅሰህ ነበር» አሉት።

«አዎ፣ እማማ።»

«ለማን ነበር?»

ጥዑመ ልሳን ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ጋሽ አካሉ ደወሉልኝ። ‹ለእማማ አንተው ንገራቸው፤ እስከ ቅዳሜ እጠብቅሃለሁ› አሉኝ። እንዲተዉኝ ልለምናቸው ነው የመጣሁት። አይሆንም ብለው ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ፣ ዝም እንዲሉ ብቻ ፈለግኩ። ከዚያ ዝም አሉ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ጌትነት ሀኒን ደግፎ ወደ ውስጥ አስገባት። የብርጓል መነሣት ሲገባት እዚያው ከአሮጊቷ ጋር ሐይቁን እያየች ቀረች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። የተሰማት ግን ጋሽ አካሉ እነዚያን ጥቂት ቀናት ለምሕረት ብለው ባይሰጡት ኖሮ በሕይወት ይኖሩ እንደ ነበር ብቻ ነው።

ከቦርሳዋ የገዛችውን መጽሐፍ አውጥታ ለወለተ ሩፋኤል ሰጠቻቸው። እሳቸውም ሽፋኑ ላይ ያለውን የሌላ ሰው ስም በአውራ ጣታቸው ሸፈኑት።

«አንቺ አንብበሽዋል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ያስፈራል?»

«ያስፈራል፣ እማማ። ስንት ሬሳ ያየሁ ሴት፣ በቀን ብርሃን የመኪናዬን በር ቆልፌ ነው የጨረስሁት።»

ወለተ ሩፋኤል መጽሐፉን ደረታቸው ላይ አስጠጉ። ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ሰው ያላየባቸው ኩራት ፊታቸው ላይ ታየ።

«ጎበዝ» አሉ፤ የሚያናግሩት የብርጓልን አልነበረም።