የቀሲራት ውኃ

በዘርማድ ቤተ መንግሥት ሰገነት ላይ ከጥንት ጀምሮ ሲነድ የኖረው ሰማያዊ እሳት በጠራራ ፀሐይ ጠፋ። ጠቢባኑ ፊታቸው ገርጥቶ፣ «የግዛቱ ዕድሜ መሽቷል» አሉ። ብዙም ሳይቆይ የጠላት አገር የጉርሃን ሠራዊት ዘንዶ እየጋለበ ከሰሜን ወረደ።

ለንጉሠ ነገሥት አርጎድ የቀረው ተስፋ በረሃው ብቻ ነበር። በዚያ የሚኖሩት የቀሲራት ፈረሰኞች ዘንዶ መግደል ያውቁበታል፤ ዳሩ ግን ዘርማድን አይወዱም። ጉድጓዶቻቸው በዘርማድ አስማት ታትመዋልና ውኃ የሚጠጡት ሲፈቀድላቸው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወጣቷን መልእክተኛ ሚራዳን አስጠርቶ የመክፈቻውን ቃል በጆሮዋ ነገራት።

«ሊዘምቱልን ከታዘዙ ጉድጓዶቹን ለአንድ ወር ክፈችላቸው። ቃሉን ግን ለማንም አትስጪ። አሳልፎ የሰጠ ሰው ድምፁ ለዘላለም ይዘጋል።»

ሚራዳ ከአማካሪዋ ከአረጋዊው ሐሪስ ጋር ተጓዘች። የአሸዋ አውሬዎች ግመሎቻቸውን ቢነጥቋቸው በእግራቸው ቀጠሉ። ቀሲራት ሲደርሱ በአሚሩ ድንኳን ፊት አንዲት እናት በጤዛ የራሰ ጨርቅ በሕፃኗ ከንፈር ላይ ስትጨምቅ አዩ።

አሚር ሙንዚር መልእክቱን እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ልጄ፣ ጉርሃን እናንተን ከዋጠ እኛንም እንደማይምር አውቃለሁ» አለ። «አባቴም ይህንኑ ሰምቶ ለዘርማድ ሲዋጋ ወደቀ። ነጻ ትወጣላችሁ ተብሎ ነበር። ከድሉ በኋላ የመጣልን ግን ሌላ ማኅተም ነው።»

ሐሪስ ወደ ሚራዳ ጠጋ አለ። «እመቤቴ፣ የአንድ ወር ውኃ እንሰጣለን በያቸው።»

«አንድ ወር ምን ያደርግላቸዋል?» አለችና ወደ አሚሩ ዞረች። «ጉድጓዶቹ የእናንተ ቢሆኑ ትዘምታላችሁ?»

«እንደ ባሪያ አንዘምትም። እንደ ጎረቤት ግን እንደርስላችኋለን፤ በአባቴ መቃብር እምላለሁ።»

ሐሪስ እጇን ያዘ። «ድምፅሽን አስቢው፣ ልጄ።»

«አስቤዋለሁ፣ አባባ። እናቴን ሲያገኟት ደኅና ናት በሏት።»

ጎንበስ ብላ ቃሉን በአሚሩ ጆሮ አንሾካሾከች። አሚሩ ወጥቶ ቃሉን ሲናገር የጉድጓዶቹ ማኅተም ተሰነጠቀ፤ ውኃውም እየተንደቀደቀ አፋፉን አልፎ ፈሰሰ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሚራዳም አብራ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣትም።

የቀሲራት ፈረሰኞች መሐላቸውን ጠበቁ። በዘርማድ ቅጥር ሥር ዘንዶዎቹን በጦር እየወጉ ጣሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎች እዚያው ቀሩ። ጉርሃን ሲሸሽ ሙታናቸውን ይዘው ተመለሱና የዘርማድን ሰንደቅ ከከተማቸው አወረዱ።

ሚራዳ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ስትቀርብ መኳንንቱ፣ «በረሃውን አሳልፋ ሰጠች፤ ትሙት» አሉ። አርጎድ በመስኮቱ ቁልቁል ገበያውን ሲመለከት ቆየ። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው እህል ይሸምታሉ።

«በረሃው ከእጄ ወጥቷል» አለ በመጨረሻ። «እነዚህ ግን በሕይወት አሉ።»

ከዚያም ከእርሱ በቀር ማንም ተቀምጦ በማያውቅበት አዳራሽ፣ በገዛ እጁ ወንበር አምጥቶ ከዙፋኑ ጎን አኖረላት።