አስር ሺህ ሰባት

በአርዛም ምድር ሰማዩ ደም ያዘነበ ዕለት፣ አጋምስ የተባለው ዘንዶ ወንዞች ሁሉ የሚፈልቁበትን ዕንቁ ሰርቆ በጥቁሩ ሸለቆ ውስጥ ሸሸገው። ሰውም ከብቱም በውሃ ጥም ይረግፍ ጀመር። አጋምስ እኩል እኩል ሊከፈል የሚችልን ጦር ሁሉ ይውጣል። ሦስት ነገሥታት በሠራዊታቸው ብዛት ተመክተው ዘምተው ተበሉ፤ ጀግና ሞልቶ የሚያሰላ ጠፍቶ!

የጦር አበጋዙ የወልደነጎድ ልጅ ሐራዊት ግን ለጦሩ ቁጥር አስር ሺህ ዘጠኝን መረጠች። እስከ መቶ ባሉት፣ ራሳቸው በማይከፈሉ ቁጥሮች ሁሉ አካፈለችው፤ ሁልጊዜ ትርፍ አለው። ከመቶ በላይ አካፋይ ቢኖረው ጓደኛው ከመቶ በታች ይገኝ ነበርና እዚያው አቆመች። እሷንና አባቷን ጨምሮ ያንኑ ያህል ሰው ዘመተ።

ሸለቆው ውስጥ ከገቡ በኋላ ቢተው የሚባል ጦረኛ በንዳድ ሞተ። በአርዛም ልማድ ያልተቀበረ ሰው ከወገኑ ቁጥር አይወጣም። ሐራዊትም፣ «በቃሬዛ ተሸክመነው እንለፍ፤ ቁጥራችን ሙሉ ነው» አለች። ዘንዶው ግን ሬሳ አይቆጥርም።

«አስር ሺህ ስምንት!» ብሎ ሳቀ አጋምስ፤ በጅራቱም ምድሩን እየሰነጠቀ ጦሩን ለሁለት ይከፍል ጀመር።

«አባባ፣ እኔ ነኝ ያስፈጀኋችሁ!» አለች ሐራዊት።

«ለቅሶውን ተዪውና አስቢ። አንድ ሰው ከረድፉ ቢወጣስ?»

ከጦሩ የተነጠለ ሰው የዘንዶው ሲሳይ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ።

«አስር ሺህ ሰባት... እሱንም ፈትኜው ነበር። የመጨረሻው አካፋይ፣ ዘጠና ሰባት ብቻ ይቀረኛል።»

«አካፍዪ!»

በጦር ጫፍ መሬቱ ላይ ጻፈች። ዘጠና ሰባት ሲባዛ በመቶ ሦስት፣ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አንድ። ቀሪውን አይታ በመዳፏ ሸፈነችው። ምንም ባይተርፍ ሁሉም ያልቃል፤ ከተረፈ ደግሞ ማን እንደሚወጣ ከአባቷ ፊት አንብባዋለች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥርን ጠላች።

«ስንት ተረፈ?»

«አስራ ስድስት፣ አባባ። እኔ ልውጣ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ዘንዶው ሳይወድቅ ሌላ ሰው ቢሞትስ ማን ሊያሰላላቸው ነው? በእናትሽ አጥንት ይዤሻለሁ፣ ካለሽበት ንቅንቅ እንዳትዪ!»

ጋሻውን አስረከባትና ከረድፉ ወጣ። አጋምስም ዋጠው።

ከዚያ ጦሩን በሁለት ከፈለ፤ አንድ ሰው ተረፈበት። በሦስት፣ በሰባት፣ በአስራ አንድ ሞከረ፤ አሁንም ይተርፈዋል። አብዶ ራሱን ከገደሉ ጋር ሲያላትም አስር ሺህ ሰባት ጦር አረፈበት።

ዕንቁው ወደ ስፍራው ሲመለስ ወንዞቹ ወረዱ። ሕዝቡ በእልልታ ምድሩን አናወጠው፤ የሐራዊትንም ስም እየጠራ ጨፈረ። እሷ ወንዙ ዳር ተንበርክካ በእፍኟ ጠጣች። ከሦስት ቀን ጀምሮ ጠምቷት ነበር። ውሃው ጣፈጣት፤ ስለጣፈጣትም አለቀሰች፤ ደግማም ጠጣች።