ምንያህል የዘጋው በር

ምንያህልን የማያውቅ የአሶሳ ሰው ካለ ባጃጅ ተሳፍሮ የማያውቅ ነው። የባጃጁን ጡሩምባ እንደ ፍየል እንዲጮህ አድርጎ ያሠራው እሱ ነዋ! ገበያ መሃል ሲያስጮኸው ሴቶቹ ዞር ዞር እያሉ ፍየሏን ይፈልጋሉ፤ እሱ መሪው ላይ ተደፍቶ ይስቃል። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቱን ጥሎ፣ ከሰፋሪዎቹ መንደር ከአምባ አስራ አራት ወደ ከተማ የገባ፣ አፉ የማያርፍ ልጅ ነው። ሰው እንዴት እንደሚያፍር አያውቅም ነበር። በዚያ ዓመት ግን ለዕድሜ ልኩ የሚበቃውን አፈረ።

ነገሩ የጀመረው በሩሐማ ነው።

የከተማው ዩኒቨርሲቲ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር፤ የግድግዳው ቀለም ራሱ ያልደረቀ ይመስላል። ሩሐማ ከሆሳዕና የመጣች ተማሪ ናት። እሷና ክርስቲያን ጓደኞቿ የሚሰበሰቡበት ቤት አልነበራቸውም። ከግቢው አጥር ውጪ ማንጎ ዛፍ ሥር ይዘምራሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ይበተናሉ። ግቢው አጠገብ ቤት ተከራይተው የተማሪ ማዕከል ሊከፍቱ አሰቡ፤ የሚያነቡበት፣ የሚጸልዩበት፣ አዲስ የመጣ ልጅ እናቱ ስትናፍቀው የሚጠጋበት። ከኮሚቴያቸው ቤት እንድትፈልግ የተመረጠችው ሩሐማ ነበረች።

የምንያህልን ባጃጅ መጀመሪያ ስትሳፈር፣

«ቤት ነው የምፈልገው» አለችው።

«እኔም» አላት። «ሚስት ጭምር።»

ሌላዋ ብትሆን ትወርድ ነበር። ሩሐማ ግን በመስታወቱ አየችውና ሳቋን በመጽሐፍ ቅዱሷ ሸፈነች።

«ዝም ብለህ ቀጥታ ንዳ።»

ቀጥታ አልነዳም። አምስት ደቂቃ የማይሞላውን መንገድ በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ዞሮ ግማሽ ሰዓት አደረገው።

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት ከሰዓት የሚያመላልሳት እሱ ሆነ። እሱ ያወራል፣ እሷ ዝም ትላለች። ዝምታዋን ነበር የሚፈራው። መስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ እሷ ወደ ቀርከሃው አጥር፣ እሱ ወደ መንገዱ ይዞራሉ፤ ያኔ ባጃጇ ጉድጓድ ውስጥ ገብታለች።

አንድ ጭንቀት ብቻ ነበረበት። ቤቱ የተገኘ ቀን ሩሐማ ባጃጅ አያስፈልጋትም።

ስለዚህ አንዱ ቤት ጋ ሲደርሱ «ውሃ የለውም» ይላታል። ሌላው ጋ «እዚህ ቦይ ውስጥ እኮ ጅብ ወልዳለች» ይላታል። የአባ ጁምዓ ቤት ግን ምንም እንከን አልተገኘለትም። ከግቢው በር ፊት ለፊት፣ ሦስት ክፍል፣ ሰፊ ደጅ፣ አራት ማንጎ። አባ ጁምዓ የአገሬው የቤርታ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ ከመስጊድ አይጠፉም። ሩሐማን ገና ሲያዩዋት ወደዷት።

«አላህ የሚፈራ ተማሪ ጥሩ ነው» አሏት። «ነገ ና፣ ቁልፍ ውሰድ።»

ሩሐማ ባጃጇ ውስጥ መዘመር ጀመረች። ምንያህል ግን ጡሩምባውን አንዴም አላስጮኸም። እሷን አድርሶ ወደ ሽማግሌው ተመለሰና፣

«አባ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው» አላቸው። «እነዚህ ልጆች ሲጸልዩ ጩኸታቸው ዶሮ ከእንቁላሏ ያስነሳል። ማንጎውን ደግሞ በድንጋይ ነው የሚያወርዱት። ጣሪያዎ ወንፊት ይሆናል።»

ለእሱ ቀልድ ነበር። ሽማግሌው ግን በማግስቱ «ቤት፣ ተወው» አሏትና ምክንያቱን ሳይነግሯት በሩን ዘጉ።

ሦስት ቀን ሩሐማ ጠፋች። በአራተኛው ቀን ስትመጣ ከንፈሯ ደርቋል። ምንያህል በጋዜጣ የተጠቀለለ ለውዝ ዘረጋላት።

«ጾም ነኝ።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው እንዴ?»

«የቤቱ ጾም ነው። እግዚአብሔር በሩን ለምን እንደዘጋብን እየጠየቅነው ነው። አርባ ሰው ሆነን።»

ሊስቅ ጀምሮ ለውዙን መልሶ ጠቀለለው። አርባ ሰው ፈጣሪን ለሚጠይቀው ጥያቄ መልሱን የያዘው እሱ ነው።

«ምናልባት እግዚአብሔር ላይሆን ይችላላ» አለ።

«ጥፋቱማ የእኔ ነው።» ጣቶቿን አቆላለፈች። «እኛ ጋ በር ሲዘጋ ሁሉም ራሱን ይመረምራል። ነገ ከኮሚቴው አውርዱኝ ልላቸው ነው። ቤት ፍለጋ ስወጣ ልቤ ቤቱ ላይ አልነበረም።»

«የት ነበር?»

መስታወቱን አየች። መስታወቱ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

«ቤቱ ባይገኝ ብዬ የተመኘሁበት ቀን አለ» አለች ቀስ ብላ። «አፈርኩ፣ ምንያህል።»

ሌላ ቀን ቢሆን በደስታ ባጃጇን ያስጨፍራት ነበር። አሁን ግን ፊቱ እንደ እሳት ጋለ። ዓይኗን ማየት አልቻለምና መስታወቱን ወደ ላይ ገለበጠው።

«ሩሐማ፣ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገራት። ውሃውን፣ ጅቧን፣ ማንጎውን። ዶሮዋ ጋ ሲደርስ እንድትስቅ ብሎ ድምፁን ቀየር አደረገ፤ ወዲያው ራሱን ጠላ። አልሳቀችም። አልተሳደበችም። መጽሐፏን ይዛ ወረደችና ዝናብ እየዘነበ በእግሯ ሄደች።

ምንያህል አባ ጁምዓ ደጅ ሲደርስ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ተንበርክኮ ተናዘዘ። ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ።

«እሷ ልጅ ሰላም ብሎ መጣ፣ እኔ በር ዘጋሁ» አሉ። «አንተ እኔን በሽምግልና አሳፈረ።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባ።»

«እኔ ይቅር ማለት ቀላል ነው። ነገ አብረን እንሄዳለን። ለተማሪ ሁሉ በራስህ አፍ ትናገራለህ።»

በማግስቱ፣ ከግቢው አጥር ውጪ ባለው ማንጎ ሥር አርባ ተማሪ ፊት ቆመ። ያ አፉ የማያርፍ ልጅ ምላሱ ተሳሰረ። ሩሐማ መሬት መሬቱን ታያለች።

«ያስጾምኳችሁ... እኔ ነኝ» አለና የሠራውን ተናገረ።

ሰብሳቢያቸው ሞቱማ የባምባሲ ልጅ ነው። «ሦስት ቀን ሙሉ?» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሌሎቹም ተከተሉት። ምንያህል ቢሰድቡት ይሻለው ነበር፤ ሳቃቸው ለበለበው። እሷ ብቻ አልሳቀችም። አባ ጁምዓ ተነስተው ቁልፉን እጇ ላይ አስቀመጡላት።

ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት አላናገረችውም። ምንያህል ማንም ሳያዘው ከሰዓት ከሰዓት ሥራውን እየተወ ቀርከሃ ሰነጠቀ፤ የማዕከሉን አጥር አጠረ፣ አግዳሚ ወንበሮቹን ሠራ። እሷ በዚህ ስትገባ እሱ በዚያ ይወጣል። ፍየሏም ጩኸቷን አቆመች። የተገለበጠውን መስታወት አልመለሰውም።

ማዕከሉ የተከፈተው ቅዳሜ ዕለት ነው። ከውስጥ መዝሙሩ ይሰማል፤ አባ ጁምዓ በራፉ ላይ ተቀምጠው በእጃቸው ጭናቸውን እየመቱ ያጅባሉ። ምንያህል ከአጥሩ ውጪ ባጃጇ ውስጥ አቀርቅሯል። ሩሐማ የተቆረጠ ማንጎ በሳህን ይዛ ወጣች።

«በድንጋይ አይደለም ያወረድነው» አለችው።

ቀና ማለት አቃተው።

«ግባ እንጂ።»

«አፍራለሁ።»

«እኔስ? ልቤ የት እንደነበር ለኮሚቴው ስናገር ያፈርኩትን ብታይ! ሞቱማ እስከ ዛሬ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ያስላል።»

«ተናገርሽ?»

«አውርዱኝ አልኳቸው።»

«አወረዱሽ?»

«ሊያወርዱኝ ነበር፤ አጥሩን ስታጥር አይተው ተዉት።» ፈገግታዋ መጣና ተመለሰ። «ግን በድለኸኛል። ሳስበው አሁንም ይከነክነኛል። ደግመህ ብትዋሸኝ...»

«ያቺ ጅብ ትብላኝ።»

«የለችማ!»

«ነው ለካ» አለና አፉን በእጁ ያዘ። ይሄኔ ሳቀች፤ መጽሐፍ ቅዱሷ ማዕከሉ ውስጥ ቀርቶ ስለነበር የምትሸፍንበት አልነበራትም።

ከዚያ ሳህኑን ለአባ ጁምዓ ሰጥታ ተመለሰችና ከኋላው ተቀመጠች።

«ግቢ አድርሰኝ።»

ምንያህል ግራ ገባው። የግቢው በር ያው ፊት ለፊት ነው፤ አስፋልቱን መሻገር ብቻ ነው። በሩን አየ። ዞሮ እሷን አየ። ሲገባው እስከ ጆሮው ቀላ።

«በየት በኩል?»

ሩሐማ እጇን በትከሻው ላይ አሳልፋ የተገለበጠውን መስታወት ወደ ቦታው መለሰችው።

«በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል» አለች።