ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አምስት

ዊላ በክፍሉ በር ላይ የተለጠፈውን የፈተናውን ትክክለኛ መልሶች ወረቀት ሦስተኛ መስመር ለአራተኛ ጊዜ አነበበችው። 34.5 ይላል። እሷ የጻፈችው 39.5 ነበር። አንግል ካለባቸው ጥያቄዎች አንዱም አልተገጣጠመላትም።

«የኔም ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አምስት ነው» አለ ታነር ከኋላዋ። «ሁለታችን አንድ ዓይነት ስህተት አንሠራም። ወረቀቱ ነው የተሳሳተው።»

ዊላ ግን ሌላ ነገር ጠርጥራለች። ካልኩሌተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ማስተካከያውን ከፈተች። ራዲያን ይላል። ታነርም የራሱን አየ፤ ራዲያን።

ከፈተና በፊት ማንም ማሽኑ ውስጥ የደበቀውን ማስታወሻ ይዞ እንዳይገባ መምህራቸው ሚስተር ስቴንዝል የካልኩሌተሮቹን ማህደረ ትውስታ ጠርገው ያጠፋሉ። ያኔ ማሽኑ እንደ አዲስ ይሆንና አንግልን በዲግሪ መቁጠሩን ትቶ ወደ ሌላኛው የአንግል መለኪያ፣ ወደ ራዲያን፣ ይመለሳል። ዲግሪ ላይ መልሶ ማድረግ የተማሪው ፈንታ ነው። ሲረሳ ወዲያው ቢታወቅ ምን ነበረበት። የክሬኑ ክንድ ስንት ዲግሪ ላይ ቢቆም ሸክሙን እንደሚችል የሚጠይቀው እኩልዮሽ በእጅ ሲሠሩት ጊዜ ይበላል፤ ስለዚህ ለማሽኑ መነሻ ግምት ይሰጡታል፣ እሱም ከዚያ አካባቢ መልስ ፈልጎ ያመጣል። ዊላ እንደ ልማዷ አርባ ብላ ሰጠችው። እሱም በራዲያን አስቦ አርባ አጠገብ ያገኘውን አመጣላት። መልሱ አንግል ይመስላል፣ ዓይን ይሞላል፣ ግን ስህተት ነው።

ፈተናው የሚታረመው በመልሱ ብቻ ስለሆነ የአንግል ጥያቄዎቹን የሳተ ከመቶ ሰማንያ አይደርስም። ሰማንያ ያመጣ ሰኔ ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲው የምህንድስና ስልጠና ይሄዳል፤ ስልጠናውን የጨረሰ ኮሌጅ በነጻ ይማራል። ያላመጣ እዚሁ ከተማቸው ሄስፐር ይቀራል፣ ሄስፐር ውስጥ ደግሞ ያለው ሥራ የከብት ማድለቢያው ነው። የዊላ አባት እዚያ መኖ ሲጭን ኖሮ ወገቡ አልቋል። ካላለፈች ሰኞ እንድትጀምር ለአለቃው ከወዲሁ ነግሮላታል።

አብረው ወደ ታነር ፒክአፕ መኪና ሄዱ። ታነር የመኪናውን በር ተደግፎ ሐሳቡን አወጣ። የምህንድስናው ክፍል ያለው ሁለት ተማሪ ነው፣ እሱና እሷ። ሁለቱም አንድ ቃል ከተናገሩ ማን ያስተባብላቸዋል?

«ስቴንዝል ማህደሩን ካጠፉ በኋላ ዲግሪ ላይ መልሱት አላሉንም እንላለን። ፈተናው ይደገማል፣ አለቀ።»

«ነግረውናል እኮ።»

«እኔ አልሰማሁም። አንቺም አልሰማሽም። ዊላ ሙች፣ ዕድሜሽን ሙሉ እበት መዛቅ ነው የምትፈልጊው?»

ዊላ ሰምታለች። ሚስተር ስቴንዝል በየፈተናው የሚሏት አንድ አባባል አለቻቸው፤ ማሽኑ አሁን ሕፃን ሆኗል፣ ዲግሪን አስተምሩት ይላሉ። የዚያን ቀንም ብለዋል፣ እሷም ፈገግ ብላለች፣ ከዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ ዓይኗን ሳበው። ይኸው ነው የሆነው። ለታነር ግን እሺ አለችው። እሺ ስትል ደረቷ ቀለል አላት፣ በዚህም አፈረች።

ታነር ያንኑ ቀን ለትምህርት ቤቱ አቤት አለ፤ በማግስቱ ዳይሬክተሯ ሚስስ ሃርጌት ሁለቱንም ለየብቻ አስጠሯቸው። ታነር የተስማሙበትን ጽፎ ወጣ። ዊላ ስትገባ ዳይሬክተሯ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። የምህንድስናው ክፍል በዚህ ዓመት እንደሚዘጋ፣ ሚስተር ስቴንዝልም ጡረታ እንደሚወጡ፣ ሌላ ሰው ገና እንዳልሰማ በለሆሳስ ነገሯት።

«ስለዚህ እሳቸውን የሚጎዳ ነገር የለም፣ የኔ ልጅ። የምትጽፉት ደብዳቤ ፋይላቸው ውስጥ ይገባል፣ እናንተ ሐሙስ ትፈተናላችሁ።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

ሚስስ ሃርጌት መነጽራቸውን አወለቁ። «የነገርኳቸው ይመስለኛል አሉ። ግን እነዚህ ልጆች አይዋሹም፣ አልነገሩንም ካሉ ረስቼ ይሆናል፣ እያረጀሁ ነው አሉኝ።»

ዊላ እስክሪብቶውን አነሳች። እውነቱን ብትጽፍ ክፍሉ ከመዘጋት አይድንም። ሽማግሌው አንድ ዓመት አይጨመርላቸውም። ፈተናው አይደገምም፣ ታነር ይጠላታል፣ እሷም ሄስፐር ትቀራለች። ማንም ምንም አያተርፍም፤ ይህን አንድ በአንድ አስባ ጨርሳዋለች። ሆኖም ሰውየው ቤታቸው ተቀምጠው የገዛ አእምሯቸውን ሲጠራጠሩ ታያት።

ስትወጣ ታነር ፒክአፑን አስነስቶ እየጠበቃት ነበር። ጎንበስ ብሎ የጎኑን በር ከፈተላት።

«ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ። ነግረውናል፣ ሰምቻለሁ ብዬ።»

ታነር ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፣ ከዚያ እጁን ዘርግቶ በሩን መልሶ ዘጋውና ነድቶ ሄደ። አቧራው እስኪበርድ ቆመች። ሰኞ ሥራ እንደምትገባ ለአባቷ ልትነግረው በእግሯ ወደ ማድለቢያው መንገድ ጀመረች።