«ቆይ» ያለው ፎቅ

በጋዜጠኝነት ሥራዬ ስለ ጋኔን፣ ስለ መተት፣ ስለ ዛር ያላወራልኝ ሰው የለም፣ አንዱንም ጽፌው አላውቅም፣ አንድን ነገር ሁለት ሰዎች ለየብቻ ካላረጋገጡልኝ ለእኔ አልሆነም ማለት ነው፣ ይህንንም የምነግራችሁ ስላመንኩበት ሳይሆን ቦታው ላይ ስለነበርኩ ብቻ ነው።

አዳማ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ሕንፃዎች የመብራት ፍጆታ ላይ ዘገባ እየሠራሁ ነበር። አሰልቺ ጉዳይ ነው፣ የከሰዓት ፀሐይ የሚያቃጥላቸው መስኮቶች፣ እሁድ እንኳ የማይጠፉ ኮምፒውተሮች፣ ማጥፊያቸው የት እንዳለ ማንም የማያውቃቸው መብራቶች። አንዱ ሕንፃ ግን ግራ አጋባኝ፣ ተማሪዎቹ ለእረፍት ወጥተው፣ በሮቹ ተቆልፈው፣ ፍጆታው አልወረደም። ጥርጣሬው የጥበቃ ሠራተኛው ኦቦ ገመቹ ላይ አረፈ፣ ከአጥሩ ጀርባ ላለው ጁስ ቤት መስመር ስበው ሰጥተዋል ተባለ፣ ሰኞ ጠዋት ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ፣ ካልተሳካላቸው ጡረታቸው ደጃፍ ላይ ሆነው ሊባረሩ ነው።

እሁድ በቀን ስምንት ሰዓት ላይ ኤሌክትሪሺያኗ ሰዓዳ መስመሩን ልትፈትሽ መጣች፣ እኔም አብሬ ነበርኩ።

«ጋዜጠኛው፣ ላብህን ብቻ ይዘህ ነው እንዴ የመጣኸው? ብዕር የለህም?» አለችኝ።

ሙከራው ቀላል ነው። ሕንፃው ሲጠፋ ጁስ ቤቱም አብሮ ከጠፋ ኦቦ ገመቹ አለቀላቸው፣ ካልጠፋ ነጻ ናቸው።

በዚያ ሕንፃ አንድ ደንብ አለ፣ በፊት ላብራቶሪ ውስጥ ሰው እየሠራ መብራት ተቆርጦበት ዕቃ ስለተበላሸ የመጣ ነው፣ ከማጥፋት በፊት ጥበቃው ደረጃው ሥር ቆሞ «ሰው አለ? ላጠፋ ነው!» ብሎ ይጣራል፣ «ቆይ» የሚል ካለ ያ ፎቅ አይጠፋም። እኛ ደግሞ አስቀድመን ሦስቱንም ፎቅ ክፍል በክፍል ዞረናል፣ ሰው የለም፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የሚዞር የጣሪያ ቬንትሌተር አግኝቼ በራሴ እጅ አጥፍቻለሁ፣ ቁልፎቹም ኪሴ ውስጥ ነበሩ።

ኦቦ ገመቹ ደረጃው ሥር ቆመው ለአንደኛው ፎቅ ተጣሩ፣ መልስ የለም፣ ሰዓዳ ቆረጠችው። ሁለተኛውም እንዲሁ።

«ሰው አለ? ላጠፋ ነው!»

«ቆይ» አለ ከሦስተኛው።

እመኑኝ፣ የሚያስፈራ ድምፅ አልነበረም፣ ሥራ ላይ እያለ የተረበሸ ሰው ድምፅ ነው። ወጣን፣ በሮቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ፣ ጠረጴዛው ሁሉ አቧራ ነው፣ ያ ያጠፋሁት ቬንትሌተር ግን ጢቅ ጢቅ እያለ ይዞራል።

«ድምፁ የወንድ ነው» አልኩ።

«የምን ወንድ? ሴት ናት እንጂ!» አለች ሰዓዳ።

ኦቦ ገመቹ አልደነገጡም። «ሁልጊዜ ነው» አሉ።

«እና ሦስተኛውን ፎቅ አጥፍተውት አያውቁም?» አልኳቸው።

«እንዴት አጠፋለሁ ልጄ? ቆይ እየተባልኩ?»

«ታዲያ ለኮሚቴው አይናገሩም?» አለች ሰዓዳ።

«ሌባ ከምባል እብድ ብባል ይሻላል እያልሽኝ ነው?»

ወረድን። ሰዓዳ «ቢስሚላህ» ብላ ሦስተኛውን ቆረጠችው፣ የቆጣሪው ቀይ መብራት ብልጭታውን አቆመ፣ ከአጥሩ ጀርባ ግን ሙዚቃው አልተቋረጠም፣ የጁስ መፍጫው ይጮኻል። ኦቦ ገመቹ ነጻ ወጡ ማለት ነው። «ገለቶማ» ብለው አመሰገኑን እጃችንን ይዘው፣ ደስ ሊለን ይገባ ነበር፣ ከላይ ግን ጢቅ ጢቁ ይሰማል። በነበረው ፍጥነት እየዞረ ነው፣ አሁን ይቆማል ብዬ ሰዓቴን አየሁ፣ ደቂቃዎች አለፉ፣ መብራት የሌለው ቬንትሌተር ያን ያህል አይዞርም። እንውጣና እንየው ያለ ግን አልነበረም።

ሰዓዳ ሪፖርቱን ጻፈች፣ እኔ ምስክር ሆኜ ፈረምኩ፣ የሕንፃው መብራት ተቆርጦ ጁስ ቤቱ አልጠፋም የሚል ነው፣ እውነት ነው። ድምፁን አላስገባነውም፣ ብናስገባው የቀረውንም የሚያምነን አይኖርም፣ ሽማግሌው ይባረራሉ። ሁለት ምንጭ ያለውን ነገር፣ ያውም አንዱ እኔ ሆኜ፣ ሳልጽፍ ስቀር የመጀመሪያዬ ነው።

ኮሚቴው ነጻ ለቀቃቸው። ከሳምንታት በኋላ ወደ ሁሩታ ሳልፍ ጎራ ብዬ «አሁንስ ሦስተኛውን ያጠፋሉ?» አልኳቸው።

ቀና ብለው ወደ ደረጃው አዩ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። «ደንቡ አልተለወጠም'ኮ ልጄ።»

ዘገባዬ ወጥቷል፣ መስኮቶቹም ኮምፒውተሮቹም አሉበት። የዚያ ሕንፃ ፍጆታ ግን ዛሬም አልወረደም፣ አርታዒዬ ምክንያቱን በጠየቀኝ ቁጥር «እያጣራሁ ነው» እለዋለሁ፣ ወደዚያ ግን አልተመለስኩም።