ከቀለሙ ሥር ያለው ጭረት

ቁጥር ሠላሳ አንድ ገና አልተጠራም።

መርፌ በክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች። ጉልበቷን ካመማት አራት ወር ሆኗል። መታመም የጀመረችው ይህን ሥራ በያዘች ማግስት ነው።

አንድ ሽማግሌ መጥቶ ከአጠገቧ ተቀመጠ። ባርኔጣውን አውልቆ ቀኝ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ቀኝ ከሆነ ሰላም ነው ማለት ነው። ግራ ቢሆን ኖሮ ተነስታ ትሄድ ነበር።

«ጉልበትዎ ተሻለዎት?» አለችው።

«ሲበርድ ብቻ ነው የሚያመኝ።»

የመለያ ቃሉ ትክክል ነው። ሁለቱም በምስጢር በሚሠሩለት ቢሮ መዝገብ ሽማግሌው አጎት ይባላል። እውነተኛ ስሙን አታውቅም፤ እሱም የሷን አያውቅም። መርፌ ያላት ቢሮው ነው። በሥራ ቦታዋ ደግሞ «አንቺ ጠራጊ» ይሏታል። እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

የመድኃኒት ካርቶኗን በመካከላቸው አኖረች። ውስጡ ጣት የሚያህል ግራጫ ላስቲክ አለ። ሲገዛ እንደ ሊጥ ለስላሳ ነው፤ የተጫነበትን ነገር ቅርጽ ይዞ ይደርቃል። ይህኛው ከሦስት ቀን በፊት በአንዲት አውሮፕላን ቆዳ ላይ ተጭኖ ነበር። ላዩ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ጉብታ ይታያል። ያ ጉብታ የጭረቱ ልክ ነው። አውሮፕላኗ ከአምስት ዓመት በፊት ቀለም ስትቀባ የተጫረ ነው። በዚህ ሳምንት አሮጌው ቀለም ሲነሳ ለሁለት ሰዓት ያህል ታየ። ከዚያ አዲሱ ቀለም አለበሰው።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነሳለች» አለች፣ ከንፈሯን ብዙም ሳታንቀሳቅስ። «መቶ ሠላሳ ሰው ይዛ።»

«እስከ ስድስት ሰዓት ቢሮው ያስቆማታል።»

ካርቶኗ ኪሱ ገባች። ሊነሳ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሌላ ቅጂ አለሽ?»

«የለኝም። ሊጡ ለአንድ ብቻ ነው የበቃኝ።»

«ፎቶስ?»

«ስልካችንን በር ላይ ይቀበሉናል፤ ያውቃሉ እኮ።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። በአራት ወር ውስጥ እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ነገሩ ከነከናት። ግን ሠላሳ አንድ ተጠራ፤ ተነሳች።

የምትጠርገው ሃንጋር፣ የአውሮፕላን ማደሻው አዳራሽ፣ የአሮጌ አውሮፕላኖች የውበት ሳሎን ነው። አርጅታ የገባችው ተፍቃ፣ ተቀብታ፣ ሙሽራ መስላ ትወጣለች። ከቀለሙ በፊት ግን አንድ አሰልቺ ሥራ አለ። ሁለት ቆርቆሮ በሚደራረብበት መጋጠሚያ ላይ የደረቀ ማስቲሽ አለ፤ እሱ መነሳት አለበት። ደንቡ በፕላስቲክ መፋቂያ ይነሳ ይላል። ፕላስቲክ ቶሎ ይዶለዱማል። አስር ቀን ይፈጃል። አለቃው የሚሰጣቸው አራት ቀን ነው። ስለዚህ የሚፍቁት ሴቶች ከተሰበረ መጋዝ የተሠራ፣ እጀታው በጨርቅ የተጠመጠመ ስለት አላቸው። ስለቱ አንዴ ሲሳብ ማስቲሹ ተገሽልጦ ይወርዳል። ከሥሩ ያለውን ቆርቆሮም ይነካዋል። ትንሽ ብቻ።

የአውሮፕላን ቆዳ ቀጭን ነው። ሽቅብ በወጣች ቁጥር ይነፋል፤ በወረደች ቁጥር ይሟሽሻል። ያቺ ትንሽ ጭረት በየበረራው አንድ ፀጉር ታህል ወደ ውስጥ ትገባለች። ከላይ ቀለሙ ያብረቀርቃል። ማንም አያያትም፣ ቆዳው እስኪቀደድ ድረስ።

ከፋቂዎቹ አንደኛዋ እቴቴ ናት። ሃንጋሩ በሙሉ፣ ከእሷ የሚበልጡት ሳይቀሩ፣ እቴቴ ይሏታል። ስለት ከያዘች ሠላሳ ዓመቷ ነው። ሌሎቹ እጃቸው ይንሸራተታል፣ መሥመራቸው ይወላገዳል። የእቴቴ መሥመር በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። የከፋውም ለዚሁ ነው። የተወላገደ ጭረት መሃል ላይ ይቆማል። ቀጥ ያለው ለስንጥቁ የተጠረገ መንገድ ይሆነዋል።

ይህን ሁሉ መርፌ ታውቃለች። በመጀመሪያው ቀን ጥግ ይዛ ስትበላ «ምን ሆነሽ ነው እንደ ተቀጣ ተማሪ?» ብላ እጇን ጎትታ ከሴቶቹ መሃል ያስቀመጠቻትም እቴቴ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ዳቦዋን የሚካፈላት ሰው አገኘች። ማታ ወደ ተከራየችው ክፍል ስትገባ ግን ለቢሮው የምትጽፈው ስለዚችው ሴት እጅ ነው። ጽፋ ስትጨርስ መብራቱን ታጠፋለች። የሚያነጋግራት የለም።

«ዛሬም ክሊኒክ ነበርሽ?» አለች እቴቴ ስትገባ አይታት። «ይሄ ጉልበት ባል ቢሆን ኖሮ እስካሁን ፈትተሽዋል።»

«ምን ላድርግ፣ ጥሎኝ አይሄድ።»

ሴቶቹ ሳቁ። መርፌም ሳቀች። ሳቁ እውነተኛ ነበር፤ እሱ ነው ያስቸገራት።

ስድስት ሰዓት ሆነ። አውሮፕላኗን ያስቆመ የለም። ጭራሽ ተጎትታ ከሃንጋር ወጣች።

ሰባት ሰዓት ላይ የአለቃውን ቢሮ ልትጠርግ ገባች። አለቃውን ከጢሙ የተነሳ ብሩሽ ይሉታል፤ ፊቱ ላይ ግን ማንም አይለውም። የቆሻሻ ቅርጫቱን አነሳች።

የመድኃኒት ካርቶኗ እዚያ ነበረች።

ላስቲኩም ነበረ። አራት ቦታ ተቆራርጦ።

«ምን አጎነበሰሽ?»

ብሩሽ በሩ ላይ ቆሟል።

«ጉልበቴ ነው ጋሼ።»

«ከጉልበትሽ ጋርማ ተዋወቅን። ሽማግሌሽ መድኃኒቱን እዚህ ድረስ አመጣልኝ።»

በሩን ከኋላው ዘጋው።

«ድሮ ተቆጣጣሪ እንደነበር ነግሮሻል? አልነገረሽም። ከአምስት ዓመት በፊት ይችኑ አውሮፕላን አይቶ ‹ንጹሕ ናት› ብሎ የፈረመው እሱ ነው። ጭረቱ ከወጣ መጀመሪያ የሚፈለገው የማን ፊርማ ነው?»

በሩን በዓይኗ ለካች። እሱ ከበሩ ይሰፋል።

«ትወድቃለች» አለች።

«አምስት ዓመት በርራለች። ዛሬ ምን ነካት?» ድምፁ ውስጥ ክፋት የለም። እውነት የሚያምንበት ይመስላል። «ዘጠኝ ሲያልፍ እለቅሻለሁ። ከዚያ ለፈለግሽው አውሪ። አውሮፕላኗ የለች፣ ላስቲኩ የለ፤ ጠራጊን ማን ይሰማል?»

ክንዷን ይዞ ወደ ስለት መጋዘኑ ወሰዳት። ቆለፈባት።

መጋዘኑ መስኮት የለውም። ስለቶቹ በየምስማራቸው ተሰቅለዋል። ጮኸች። ውጭ የአየር መንፊያው ሞተር ይጮሃል፤ ከሱ በላይ መጮኽ አልቻለችም። በሩን በትከሻዋ ገፋች። ንቅንቅ አላለም። ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ብትጠፋ ማነው የሚፈልጋት? አሰበች። ቢሮው ዜናዋን የሚሰማው በአጎት በኩል ነው።

ስምንት ከሩብ ላይ ቁልፍ ሲዞር ተሰማ።

እቴቴ ናት። የቀኑን ስለቶች ለመመለስ ነው የመጣችው፤ ሁለተኛው ቁልፍ እሷ ዘንድ እንዳለ ብሩሽ ረስቶታል።

«አንቺ! ማነው የቆለፈብሽ?»

በሩ ክፍት ነው። ሮጣ መውጣት ትችላለች። ወጥታስ? በእጇ ምንም የለም። ጭረቱ ከቀለም ሥር ነው፤ የትኛው መጋጠሚያ ላይ መሆኑን እንጂ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካለው መሥመር የትኛው ነጥብ እንደ ተሰነጠቀ አታውቅም። መሥመሩን የሚያውቀው አንድ እጅ ብቻ ነው።

የቢሮው ሕግ ግልጽ ነው። ማንነትሽን ለማንም አትናገሪ።

«እቴቴ፣ እኔ ጠራጊ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«መጥረግ አትችዪም እኮ። አራት ወር ሙሉ ጥጉን ሳትጠርጊ ታልፊያለሽ። ከባልሽ የሸሸሽ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ነገረቻት። በአጭሩ። ስለቱን፣ ቆርቆሮውን፣ ላስቲኩን፣ ዘጠኝ ሰዓቱን። እቴቴ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

«የኔ መሥመር ነው?»

«ያንቺ ነው።»

«ተወላግዷል?»

«ቀጥ ያለ ነው። ክፋቱም እሱ ነው።»

እቴቴ እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው። «ፕላስቲኩን ሰጡን፤ ሥሩበት ግን አላሉንም» አለች። «በአራት ቀን አድርሱ አሉን። ቀጥ አድርጊው አሉኝ፣ ቀጥ አደረግሁት።» ቀና ብላ «ስንት ሰው ነው ያልሽኝ?» አለች።

«መቶ ሠላሳ።»

ተነሳች።

«እቴቴ፣ ከመጣሽ ይከሱሻል።»

«እሱን በኋላ ታለቅሺልኛለሽ። ነይ።»

ስምንት ከአርባ።

መንገደኞቹ ደረጃውን እየወጡ ነው። ካፒቴኗ፣ አጠር ያለች ሴት፣ በአውሮፕላኗ ሆድ ሥር እየዞረች ጎማ ታያለች።

«እናንተ፣ ከዚህ ዘወር በሉ።»

«ካፒቴን፣ ከኋለኛው በር አጠገብ ቆዳው ተሰንጥቋል» አለች መርፌ።

«ማነሽ አንቺ?»

የመርፌ መታወቂያ የጠራጊ ነው። ሌላ መታወቂያ ተሰጥቷት አያውቅም።

ብሩሽ እያለከለከ ደረሰ። «ጠራጊያችን ናት ካፒቴን፣ ትንሽ…» ጣቱን ጆሮው አጠገብ አዞረ። ካፒቴኗ ፊቷን ልትመልስ ነበር።

እቴቴ ማንንም አላየችም። የጥገና መሰላል ጎትታ ወጣች። መዳፏን አዲሱ ቀለም ላይ ዘረጋች። ከበሩ ጀምራ ቆርቆሮዎቹን የሚያያይዙትን የምስማር ራሶች፣ ሪቬቶቹን፣ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። አስራ አንደኛው ላይ ቆመች።

«እዚህ ጋ ነው» አለች። «እዚህ ስደርስ እጄ ይዝልብኛል። አርፌ ስነሳ ጠበቅ አድርጌ ነው የምጀምረው። የትኛዋም አውሮፕላን ላይ እንዲሁ ነኝ።»

«አንቺስ ማነሽ?» አለች ካፒቴኗ።

«የጫርኩት እኔ ነኝ።»

ካፒቴኗ ቴክኒሻኑን ጠራች። ቀለሙን በፈሳሽ ጠረገው። ጫፏ እርሳስ የምታህል መመርመሪያ አመጣ፤ ከትንሽ ስክሪን ጋር በሽቦ የተያያዘች። አስራ አንደኛው ሪቬት ሥር አስነካት።

ጮኸች።

ወደ ቀኝ ወሰዳት። እየጮኸች ሄደች። ዝም ስትል ቴክኒሻኑ በጣቶቹ ለካ። ስንጥቁ አንድ ስንዝር ነው። ፊቱ ላብ አወጣ።

«ሰዎቹን አውርዱልኝ» አለች ካፒቴኗ።

መንገደኞቹ ወረዱ። አንዱ «የሰው ጊዜ መጫወቻ ሆነ እኮ» እያለ ያጉረመርማል። አንዲት ሴት የተኛ ልጇን አቅፋ ወረደች፤ ልጁ አልነቃም።

ፖሊሶች መጡ። ብሩሽን ያዙት። እቴቴንም ያዟት፤ «የጫርኩት እኔ ነኝ» ያለችውን ሁሉም ሰምቷል። መርፌ በዚያን ሰዓት መንገደኞቹ መሃል ነበረች፣ መጥረጊያ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ። ሕጉ ይህ ነው። ሥራው ሲያልቅ ትጠፊያለሽ።

«እቺ ልጅ የት ገባች?» ትላለች እቴቴ። «የከፈትኩላት እኔ ነኝ፣ ጠይቋት። አሁን እዚህ ነበረች እኮ።»

መርፌ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተራመደች።

ቆመች።

ዞራ ሄደች። ከአጥሩ በር እስክትወጣ ድረስ ድምፁ ይሰማት ነበር።

በማግስቱ አንድ ወጣት በመኪና መጣ። ቢሮው የላከው አዲሱ አለቃዋ ነው። አጎት መያዙን ነገራት፤ ሌሎች ስድስት አውሮፕላኖችም ለምርመራ ቆመዋል። «ግሩም ሥራ ነው» አለ።

«እቴቴስ?»

«ማን?»

«ቦታውን ያሳየችው። እኔ ልመስክርላት።»

«አንቺ የለሽም እኮ» አለ፣ እንደ ማባበል።

«ልመስክርላት ነው የምልህ።»

ሦስት ጊዜ ነገረችው። አራተኛ ጊዜ ወረቀት ጠየቀች፤ ሁሉንም ጻፈችው፣ ቁልፉን፣ መሰላሉን፣ አስራ አንደኛውን ሪቬት። አጥፎ ኪሱ ከተተው። ያንብቡት አያንብቡት አልታወቀም። እቴቴ ሁለት ዓመት ተፈረደባት። መርፌ ዜናውን ያየችው ሌላ ከተማ ውስጥ፣ ዕቃ በተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው።

አዲሱ ሥራዋ ጠርሙስ ማጠብ ነው። አዲስ ስም አላት። አዲሷ አከራይ ወፍራም ደብተር ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ሁሉንም ጻፍኩ» አለች አከራይዋ። «አንድ ቀረኝ። አያድርገውና ብትታመሚ ለማን ልደውል?»

ለዚህ ጥያቄ ቢሮው ቁጥር ሰጥቷታል። የሌለች አክስት፣ የሌለ ቤት። በቃሏ ታውቀዋለች። አፏን ከፈተች፤ ቁጥሩ አልወጣም።

«እህቴ፣ ሰው አጣሽ እንዴ?»

«ባዶውን ተይው» አለች።

አከራይዋ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ በመሥመሩ ላይ ሰረዝ አድርጋ ደብተሩን ከደነችው።